መቀሱ ያው፣ ክፍያው ሌላ፦ አገርን ሀብታም የሚያደርገው ምንድን ነው?

እስቲ ሁለት ፀጉር አስተካካዮችን አስቡ። አንዱ ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ ውስጥ ይሠራል። ሌላው ከዓለም እጅግ ድሃ ከሚባሉት አገሮች በአንዱ። ሁለቱም መቀስ፣ ማበጠሪያና ቶንዶስ ይዘዋል። አንድ ራስ ለማስተካከል ሁለቱም ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጅባቸዋል። እንዲያውም ድሃው አገር ያለው ልጅ እጁ ይፈጥን ይሆናል። ክፍያቸው ግን አይገናኝም። የዙሪኩ ከአንድ ደንበኛ የሚቀበለውን ለማግኘት ሌላው ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲሠራ ውሎም ላይሞላለት ይችላል።

አሁን ያንን ልጅ አንስታችሁ ዙሪክ ውሰዱት። ቪዛ አገኘ፣ የሥራ ፈቃድ አወጣ፣ እዚያው ወንበር ጀርባ ቆመ እንበል። ገቢው በአንዴ በብዙ እጥፍ ያድጋል። አውሮፕላን ውስጥ አዲስ ሙያ አልተማረም። ጉብዝናም አልጨመረም። የተቀየረው የቆመበት ቦታ ብቻ ነው።

የአገር ሀብት ምን እንደሆነ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ሀብቱ ልጁ እጅ ላይ ቢሆን ኖሮ የትም ይዞት ይሄድ ነበር። ሀብቱ ያለው በዙሪያው ነው። ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ደንበኛ መድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ኬሚስት ወይም የማሽን መሐንዲስ ነው፤ በአንድ ሰዓት ሥራው የሚያወጣው ዋጋ ትልቅ ስለሆነ ለፀጉሩም ደህና ይከፍላል። ፀጉር ቤቱም ለሠራተኛው ደህና ካልከፈለው ልጁ ጥሎት ፋብሪካ ይገባል። ስለዚህ የአንዱ ምርታማነት የሌላውን ደሞዝ ይዞት ይወጣል፣ ሌላው ምንም አዲስ ነገር ባይሠራም።

«ዙሪክ እኮ ኑሮውም እሳት ነው» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ለዚህ ብለው ኢኮኖሚስቶች ገቢን በመግዛት አቅም አስተካክለው ያወዳድራሉ። ልዩነቱ ይጠብባል። ግን አይጠፋም፤ ገና ሰፊ ነው።

ገንዘብስ? «መንግሥት ለምን ገንዘብ አትሞ ለሁሉም አያድልም?» የሚለውን ሕፃናት ይጠይቃሉ፤ እውነቱን ለመናገር አዋቂዎችም በሆዳቸው ይጠይቁታል። ዚምባብዌ ሞክራዋለች። በ2009 መጀመሪያ ላይ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የ100 ትሪሊዮን የዚምባብዌ ዶላር ኖት አሳተመች። አንድ ተጽፎ ከኋላው 14 ዜሮ። በዚያው ዓመት አገሪቱ የራሷን ገንዘብ ትታ በውጭ ገንዘብ መገበያየት ጀመረች። ኖቱ ዕቃ የሚገዛው ዕቃ ሲኖር ነው። ዕቃው ሳይጨምር ኖቱ ሲበዛ የሚያድገው ዋጋው ብቻ ነው።

ወርቅና ብር ቢሆንስ ትሉ ይሆናል፣ ወረቀት ስለሆነ ነው እንጂ። በ1545 ዛሬ ቦሊቪያ በምትባለው አገር፣ ፖቶሲ የሚባል ቦታ ላይ ተራራ ሙሉ የብር ማዕድን ተገኘ። ስፔን ያን ብር በመርከብ እያጋዘች ለብዙ አሥርት ዓመታት ወሰደች። ውጤቱ ምን ሆነ? ስፔን ውስጥ ዋጋ እየናረ ሄደ። የስፔን ንጉሥም ዕዳዬን መክፈል አልችልም ብሎ በ1557፣ በ1575፣ እንደገና በ1596 እጁን አነሳ። ብሩ ስፔን ገባ፣ ጦርነት ከፈለ፣ ከሌሎች አገሮች ጨርቅና ዕቃ ገዛ፣ አበዳሪዎችን አበለፀገና ወጣ። ብሩ የተቆፈረባት ቦሊቪያ ደግሞ ዛሬም ከደቡብ አሜሪካ ድሃ አገሮች አንዷ ናት።

ታዲያ ሀብት የሚለካው በምንድን ነው? የተለመደው መለኪያ የአገር ውስጥ ጥቅል ምርት ነው። ስሙ ከባድ ይመስላል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ አገሩ ውስጥ የተመረተው ዕቃና የተሰጠው አገልግሎት ሁሉ በገንዘብ ተተምኖ ሲደመር ማለት ነው። ያንን ለሕዝቡ ቁጥር ስታካፍሉት የነፍስ ወከፍ ድርሻ ይወጣል። የዓለም ባንክ ከዚህ ጋር በሚቀራረብ ስሌት አገሮችን አራት ቦታ ይከፍላል፦ በቅርብ ዓመታት መስፈርት የነፍስ ወከፍ ገቢያቸው በዓመት ከ1,100 ዶላር ብዙም ያላለፈ ዝቅተኛ፣ 14,000 ዶላር ገደማ የተሻገሩት ከፍተኛ፣ በመሃል ደግሞ ሁለት ደረጃ። «በማደግ ላይ ያሉ» የሚለው አጠራር ግን ይሉኝታ የበዛበት ነው። ከእነሱ ውስጥ ለዓመታት ንቅንቅ ያላሉም አሉ።

ደግሞ አማካይ ያታልላል። አንዱ ሁለት ቤት ሲኖረው ሌላው ደጅ ቢያድር፣ በአማካይ ሁለቱም ባለ ቤት ናቸው። ኢኳቶሪያል ጊኒ በ1990ዎቹ ነዳጅ አግኝታ ለተወሰኑ ዓመታት የዓለም ባንክ ከፍተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ተርታ አስገብቷት ነበር። አብዛኛው ሕዝቧ ግን ያኔም ድሃ ነበር። ቁጥሩ ላይ ብቻ ያየ ሰው ይህን አያውቅም።

ወደ ምርታማነት እንመለስ፣ ዋናው ጉዳይ እሱ ነውና። የስኮትላንዱ የኢኮኖሚ ሊቅ አዳም ስሚዝ በ1776 የጻፈው የስፒል ፋብሪካ ምሳሌ እስከ ዛሬ አላረጀም። አንድ ሰው ብቻውን ስፒል ልሥራ ቢል በቀን 20 እንኳ አይሞላለትም ይላል። አሥር ሰዎች ግን ሥራውን ተከፋፍለው፣ አንዱ ሽቦውን እየሳበ፣ ሌላው እያቃና፣ ሌላው እየቆረጠ፣ ሌላው እየሞረደ፣ በቀን 48,000 ያወጡ ነበር። ለአንድ ሰው 4,800 ማለት ነው። ሰዎቹ ያው ሰዎች ናቸው። የተለየው አደረጃጀቱ ነው።

አሁን ይህን ወደ አገር አስፉት። ያደጉ አገሮች ውስጥ ያለ ሠራተኛ ከኋላው ማሽን አለ፣ ከማሽኑ ኋላ የማይቋረጥ መብራት አለ፣ ከመብራቱ ኋላ ጥገና የሚያውቅ ቴክኒሻን አለ፣ ከቴክኒሻኑ ኋላ ትምህርት ቤት አለ፣ ዕቃው ሲያልቅ ወደብ የሚያደርስ መንገድ አለ፣ ገዢው አልከፍልም ቢል ደግሞ ፍርድ ቤት አለ። ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ሲበጠስ ሌሎቹ ሁሉ ዋጋ ያጣሉ። ማሽኑ ምርጥ ሆኖ መብራት ከጠፋ ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ጄኔሬተር ከገዙ ወጪው ይጨምራል፣ ዕቃው ይወደዳል፣ ገበያ ላይ ይሸነፋል። ድህነት አንድ ትልቅ ጉድለት ብቻ አይደለም። ብዙ ትንንሽ ጉድለቶች ተያይዘው ነው እግር የሚያስሩት። «ይህን አንድ ነገር ብናስተካክል እኮ...» የሚሉ ሰዎች ስሰማ የምጠራጠረው ለዚህ ነው።

ልዩነቱን በአንድ ቁጥር ማየት ለሚፈልግ እርሻን ይመልከት። ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከሠራተኛው ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚያርስ ነው። አሜሪካ ውስጥ ገበሬው ከሠራተኛው 2 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ያ ጥቂት ሰው ግን አገሩን መግቦ ለውጭ ገበያ ይተርፈዋል። የቀረው ሕዝብ እጁ ነፃ ስለሆነ ሌላ ነገር ይሠራል።

የተፈጥሮ ሀብት የሚባለው ነገር ላይ ደግሞ ትንሽ መቆየት አለብን፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዴሞክራቲክ ኮንጎ ከዓለም ኮባልት ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነውን ታወጣለች። የስልካችንና የኤሌክትሪክ መኪናው ባትሪ ውስጥ የሚገባው ነው። መዳብ አላት፣ አልማዝ አላት፣ ወርቅ አላት። ሕዝቧ ግን ከዓለም ድሆች አንዱ ነው። ጃፓን ደግሞ አብዛኛው መሬቷ ተራራ ነው፣ ነዳጅ የላትም ማለት ይቻላል፣ በ1945 ከተሞቿ አመድ ሆነው ነበር። ሩብ ምዕተ ዓመት ሳይሞላ ከዓለም ታላላቅ ኢኮኖሚዎች ተርታ ገባች። ቦምቡ ፋብሪካውን አፈረሰ እንጂ ፋብሪካ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቀውን ጭንቅላትና አብሮ የመሥራት ልምዱን አላፈረሰም። ከመሬት በታች ያለ ማዕድን አውጥቶ ሥራ ላይ የሚያውለው ከሌለ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው።

ማዕድን እርግማን ነው እያልኩ አይደለም። ይህ አባባል ራሱ ተጋንኗል። ናኡሩንና ኖርዌይን ተመልከቱ። ናኡሩ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለች 21 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የምታክል ደሴት ናት። በ1968 ነፃ ስትወጣ ደሴቷ በፎስፌት የተሞላች ነበረች፤ ማዳበሪያ የሚሠራበት ማለት ነው። በ1970ዎቹ የነፍስ ወከፍ ገቢዋ ከዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነበር። ገንዘቡ ውጭ አገር ሕንፃ ተገዛበት፣ አየር መንገድ ተቋቋመበት፣ ለንደን ላይ የከሰረ ሙዚቃዊ ቲያትር ሳይቀር ተደገሰበት። ፎስፌቱ ሲያልቅ የቀረው የተቆፋፈረ መሬትና ዕዳ ነው። ኖርዌይ በ1969 መጨረሻ ሰሜን ባሕር ውስጥ ትልቅ ነዳጅ አገኘች። ግን ቀድሞውንም ፓርላማ ነበራት፣ ሲቪል ሰርቪስ ነበራት፣ ሒሳብ የሚመረምር ነበራት። በ1990 ለነዳጁ ገንዘብ ፈንድ የሚያቋቁም ሕግ አወጣች። ገንዘቡ ውጭ አገር ኢንቨስት ይደረጋል፤ መንግሥት በዓመት ማውጣት ያለበት ከፈንዱ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ዛሬ ፈንዱ ከ1.5 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል፣ ለ5.5 ሚሊዮን ሕዝብ ገደማ። አንዷ ሀብት አግኝታ በላችው። ሌላዋ ሀብት ሲመጣ የሚጠብቀው ሰው ቀድሞ ነበራት።

ጥሬ ዕቃ ላይ ሌላም ነገር አለ። የዓለምን ኮኮዋ ከግማሽ በላይ የሚያመርቱት ኮት ዲቯርና ጋና ናቸው። በቸኮሌት ስሟ የሚነሳው ግን አንድ የኮኮዋ ዛፍ የማይበቅልባት ስዊዘርላንድ ናት። አንድ ቸኮሌት ሱቅ ውስጥ ከሚሸጥበት ዋጋ ለኮኮዋው ገበሬ የሚደርሰው ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። የቀረውን የሚወስዱት የሚቆላው፣ የሚፈጨው፣ የሚያሽገው፣ የሚያጓጉዘው፣ ብራንዱን የያዘውና የሚሸጠው ናቸው። ለምን ገበሬው አገር አይሠራም? ያ ሰንሰለት ትዝ ይበላችሁ። መብራት፣ ማቀዝቀዣ፣ ወደብ፣ ብድር። በዚያ ላይ ሀብታም አገሮች ብዙ ጊዜ ጥሬውን በትንሽ ቀረጥ አስገብተው የተቀናበረው ላይ ቀረጥ ይጨምራሉ። ይሄ ፍትሐዊ አይደለም፣ ዝም ብሎ መታለፍም የለበትም።

ግን የተሻገሩት አሉ። ደቡብ ኮሪያ በ1953 ከጦርነት ስትወጣ ፍርስራሽ ነበረች። በ1960 የነፍስ ወከፍ ገቢዋ በዓመት 160 ዶላር ገደማ ነበር። ማዕድኑና ኃይል ማመንጫው በብዛት የቀረው ሰሜን ኮሪያ ውስጥ ነው። በ1960ዎቹ ደቡብ ኮሪያ ወደ ውጭ ከምትልካቸው ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? ዊግ። ሴቶች ፀጉራቸውን ይሸጡ ነበር፣ ፋብሪካው እየሠራ ይልክ ነበር።

ከዚያ መርከብ። የሀዩንዳይ መሥራች ቹንግ ጁ-ዩንግ በ1971 የመርከብ መሥሪያ ለመገንባት ብድር ፍለጋ ለንደን ሄደ። መርከብ ሠርቶ አያውቅም። የያዘው የባዶ ባሕር ዳርቻ ፎቶግራፍ ነው። ራሱ እንደሚተርከው፣ ሰዎቹ ሲጠራጠሩት ከኪሱ የ500 ዎን ኖት አወጣና ላዩ ላይ ያለውን የኤሊ ቅርጽ ያለው የጥንት የጦር መርከብ አሳያቸው። «እኛ እኮ ይህን የሠራነው በ1500ዎቹ ነው» አላቸው። ብድሩ ተገኘ፣ በ1974 የመጀመሪያዎቹ ግዙፍ መርከቦች ወጡ።

ታሪኩ ይጥማል። ግን ኮሪያን ያሳደጋት የአንድ ሰው ድፍረት ነው ብላችሁ እንዳትሄዱ። ከጀርባው ብዙ አሰልቺ ሥራ ነበር። በ1950 አካባቢ መሬት ለጭሰኛው ተከፋፍሏል። ትምህርት ቤት በብዛት ተከፍቷል። መንግሥት ለኩባንያዎች ርካሽ ብድር ሲሰጥ በምላሹ ኤክስፖርት ይጠይቅ ነበር፤ በውጭ ገበያ መሸጥ ያልቻለ ድጋፉን ያጣል። እኔ ቁልፉ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ባለሥልጣንን በወሬ ማታለል ይቻላል፣ ሩቅ አገር ያለ ገዢን ግን መጥፎ ዕቃ በወሬ አታስገዙትም። ዋጋም ተከፍሎበታል። የደቡብ ኮሪያው መሪ ጄኔራል ፓርክ ቹንግ-ሂ ከ1961 እስከ 1979 የገዛው በወታደር ጉልበት ነው፣ ሠራተኛው ረጅም ሰዓት በትንሽ ክፍያ ሠርቷል፣ ማኅበር ልመሥርት ያለ ተደብድቧል። ይህን ሳይነግሩ ኮሪያን ብቻ የሚያወድሱ ሰዎች ግማሹን ነው የሚነግሯችሁ።

ሰሜኑስ? ያው ሕዝብ፣ ያው ቋንቋ፣ ያው ባህል። እስከ 1945 አንድ አገር ነበሩ፤ ዛሬ ግን ሰሜኑ ድሃ ነው። ስለዚህ «እነሱ ባህላቸው ሥራ ይወዳል፣ እኛ ሰነፎች ነን» የሚለው ማብራሪያ እዚህ ላይ ያበቃለታል። ሰው የሚለፋው ልፋቱ የሚከፍል ሲሆን ነው።

ይህን ከሁሉ በላይ የሚያሳየኝ የቻይናዋ የሺያኦጋንግ መንደር ነገር ነው። በ1978 መጨረሻ 18 ገበሬዎች ማታ ተሰብስበው አንዲት ወረቀት ላይ አሻራቸውን አኖሩ። መሬቱ የጋራ ነበር፣ ምርቱም የጋራ፤ ብዙ የሠራም ትንሽ የሠራም እኩል ይራባል። እነሱ መሬቱን በየቤተሰቡ ሊከፋፍሉት ተስማሙ፤ ኮታውን ለመንግሥት አስገብቶ የተረፈው የራስ ይሆናል። ሕገ ወጥ ነው፣ ሊያስገድልም ይችላል። ስለዚህ ከመካከላቸው የታሰረ ወይም የተገደለ ቢኖር ልጆቹ 18 ዓመት እስኪሞላቸው ሌሎቹ ሊያሳድጓቸው ቃል ገቡ። በቀጣዩ ዓመት የሰበሰቡት እህል ካለፉት አምስት ዓመታት ድምር በለጠ። መሬቱ ያው፣ ሰዎቹ ያው፣ ማረሻው ያው። ዙሪክ የሄደው ፀጉር አስተካካይ አገር ቀየረ። እነዚህ ደግሞ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ ደንቡን ቀየሩ። መንግሥትም ውሎ አድሮ አሠራሩን ለመላው አገሪቱ ፈቀደ።

«ቅኝ ግዛትስ?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ መምጣትም አለበት። ኮንጎ ከ1885 እስከ 1908 የቤልጅየሙ ንጉሥ ሊዮፖልድ የግል ንብረት ነበረች። በ1960 ነፃ ስትወጣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ኮንጎአዊ ከ30 አይበልጥም ነበር። በብዙ የአፍሪካ አገሮች የባቡር ሐዲዱ የተዘረጋው ከማዕድኑ ወደ ወደቡ ነው፣ ከተማን ከከተማ ለማገናኘት አይደለም። ያ ጉዳት እስከ ዛሬ ይቆጠራል። በሌላ በኩል ኮሪያም ለ35 ዓመት የጃፓን ቅኝ ነበረች፣ ሲንጋፖርም የእንግሊዝ። ታሪክ ሩጫው ከየት እንደተጀመረ ይነግረናል፤ አንዳንዱ የጀመረው ከጉድጓድ ውስጥ ነው። የት እንደሚያልቅ ግን አይወስንም። የባሕር በር ማጣትና ወባም እንደዚሁ፣ ይከብዳሉ እንጂ አይዘጉም።

ዕዳን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁሌ ስለሚጠየቅ። ጃፓን ከዓመታዊ ምርቷ ከሁለት እጥፍ በላይ የመንግሥት ዕዳ አለባት። ታዲያ ለምን አትወድቅም? የተበደረችው በራሷ ገንዘብ ነው፣ አብዛኛውንም ከራሷ ዜጎችና ተቋማት። ድሃ አገር የሚበደረው በዶላር ነው፣ ወለዱም ከፍ ይላል፣ የራሱ ገንዘብ ሲወድቅ ዕዳው ቁጭ ብሎ ያድጋል። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ሸክሞች ናቸው።

የቀረው ጊዜ ነው። የዕድገት ሒሳብ በቃል ይሠራል፦ 70ን ለዕድገቱ መጠን አካፍሉ። በዓመት 2 በመቶ የሚያድግ ኢኮኖሚ እጥፍ ለመሆን 35 ዓመት ይፈጅበታል። 7 በመቶ የሚያድገው 10 ዓመት። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ይህ ልዩነት ሌላ ዓለም ነው። ወደ ኋላም ይሠራል። አርጀንቲና በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከዓለም ሀብታም አገሮች አንዷ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ዕዳዋን መክፈል አቅቷት ስንት ጊዜ እጅ እንደሰጠች ቆጥሮ መጨረስ ያታክታል።

ቦትስዋና በ1966 ነፃ ስትወጣ መላው አገሪቱ 12 ኪሎ ሜትር አስፋልትና 22 የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ነበሯት። የባሕር በር የላት፣ ዙሪያዋን ባብዛኛው በነጭ ዘረኛ መንግሥታት የተከበበች። በዓመቱ ኦራፓ ላይ አልማዝ ተገኘ። ቦታው የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሴሬትሴ ካማ የራሳቸው ነገድ ግዛት ውስጥ ነው። ማዕድኑ ግን የነገዱ ሳይሆን የአገሪቱ እንዲሆን አደረጉ። ከአልማዝ ኩባንያው ጋር ተደራድረው ሽርክናውን እኩል በእኩል አደረሱት፤ ገንዘቡ መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ሆነ፣ የተወሰነውም ተቆጠበ። ለሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ ከዓለም ፈጣን አዳጊዎች አንዷ ሆነች።

ሥራ አጥነቱ ግን ብዙ ነው፣ የሀብት ልዩነቱም ሰፊ። ዛሬም የምትኖረው ባብዛኛው በአልማዝ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ አልማዝ ገበያውን ሲሻማት በ2024 ኢኮኖሚዋ ተኮማተረ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር መጨረሻ ምርጫ ተደረገ። ከነፃነት ጀምሮ 58 ዓመት የገዛው ፓርቲ ተሸነፈ፣ ፕሬዚዳንቱ ሽንፈታቸውን አምነው ተቀበሉ፣ በሁለት ቀን ውስጥ አዲሱ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። አንድ ጥይት አልተተኮሰም። አዲሱ መንግሥት የተረከበው ሳይሸጥ የተከማቸ አልማዝ ነው።